ጨው የፈታው ጄል፣ አጥንት ያቀፈው ብረት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ሰውነት ውስጥ ስለሚገቡና ሴል ስለሚያድግባቸው ቁሶች የቀረቡ ጥያቄዎችን ሰብስበናል። ሰፊውን ቦታ የወሰደው ከባሕር አረም የሚወጣው የአልጂኔት ጄሉ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ላይ ላዩን ቢነገር የሚጠቅም አይደለምና።

ጥያቄ፦ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ሰውነት የሚቀበለው ቁስ መምረጥ አለብኝ። «ባዮኮምፓቲብል» የተባሉ ቁሶች ዝርዝር የት አገኛለሁ?

መልስ፦ ዝርዝሩን ቢያገኙትም ብዙ አይረዳዎትም። አንድ ቁስ ለሰውነት ተስማሚ የሚባለው ለአንድ ቦታ፣ ለአንድ ሥራና ለተወሰነ ጊዜ ነው። ቴፍሎንን ይውሰዱ። በኬሚካል ባሕርዩ ዝምተኛ ነው፤ ከምንም ጋር አይዋሃድም ማለት ይቻላል። እንግሊዛዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ለሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ የመረጠውም በልስላሴውና በዚህ ዝምታው ነበር። ብረቱ ሲፈገፍገው ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተበላ። የረገፈው ብናኝ በዙሪያው ያለውን ሥጋ አስቆጣ፤ መገጣጠሚያውም ላላ። ቻርንሊ በ1962 ሰንሰለቱ እጅግ ረዥም በሆነ ፖሊኢቲሊን ተካው፤ የዚያ ፕላስቲክ ዝርያ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። ቴፍሎን ግን ከሕክምና አልወጣም፤ ተለጥጦ ባለ ቀዳዳ ሲደረግ ሰው ሠራሽ የደም ሥር ይሠራበታል። እዚያ የሚፈገፍገው ብረት የለም።

ሌላም ነገር አለ። ሴሎች ከቁሱ ጋር ፊት ለፊት አይገናኙም። ደም በነካው በሰከንዶች ውስጥ ቁሱ ፕሮቲን ይለብሳል። መጀመሪያ የሚቀመጡት እንደ አልቡሚን በብዛት ያሉት ናቸው፤ ቆየት ብለው ቁጥራቸው ያነሰ፣ አያያዛቸው ግን የጠበቀ እንደ ፋይብሪኖጅን ያሉት ቦታውን ይነጥቋቸዋል። ሴሉ የሚዳስሰው ይህን ልባስ ነው። ስለዚህ ውስጡ አንድ ዓይነት የሆነ ቁስ፣ ገጹ ስለተወለወለ ወይም ስለሻከረ ብቻ ሰውነት ውስጥ ሌላ ጠባይ ያሳያል።

ቁስ ከመምረጥዎ በፊት ወረቀት ይዘው እነዚህን ይጻፉ፦ የት ይቀመጣል? ስንት ቀን ወይም ስንት ዓመት ይቆያል? ምን ያህል ሸክም ለስንት ዙር ይሸከማል (የዳሌ መገጣጠሚያ በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን እርምጃ ይቆጥራል)? ከጀርም የሚጸዳው በምን ዘዴ ነው? የመጨረሻውን ብዙ ተማሪ ይረሳዋል። ዝቅ ብሎ የምትመጣዋ የተጣመመች ፕላስቲክ ምስክር ናት።

ጥያቄ፦ ለተሰበረ አጥንት ማሰሪያ ማይዝግ ብረት እያለ ቲታኒየም ለምን ይመረጣል? ፕሌቱ (አጥንቱ ላይ በብሎን የሚታሰረው የብረት ሰሌዳ) ሲወጣ አጥንቱ ሳስቶ ይገኛል የሚባለውስ ከምን የመጣ ነው? — ነርስ

መልስ፦ ሁለቱም ጥያቄዎች የሚመለሱት በአንድ ቁጥር ነው፤ በግትርነት። ጥንካሬ ቁሱ ሳይበጠስ የሚሸከመው ልክ ሲሆን፣ ግትርነት ደግሞ በሸክም ሥር ለመለጠጥ ወይም ለመታጠፍ እምቢ የማለቱ መጠን ነው። የአጥንት ጠንካራ ቅርፊት ግትርነት ከ15 እስከ 20 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው። የቲታኒየም 110፣ የማይዝግ ብረት 190 ገደማ፣ የኮባልት ክሮም ደግሞ ከ200 በላይ ነው።

ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ታስረው አንድ ሸክም ሲጫናቸው፣ እያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ ግትርነቱን በስፋቱ (ተቆርጦ ሲታይ ባለው ገጽ) ባባዙት ልክ ነው። በቁጥር እንየው። የአጥንቱ ቅርፊት ስፋት 300 ካሬ ሚሊሜትር፣ ግትርነቱ 18 ጊጋፓስካል ይሁን፤ ብዜቱ 5,400 ነው። ፕሌቱ 15 ሚሊሜትር ወርድና 4 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ስፋቱ 60 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ከማይዝግ ብረት ሲሠራ 190 በ60፣ ማለትም 11,400 ይሆናል፤ ከጠቅላላው ሸክም 68 በመቶውን ፕሌቱ ይወስዳል። ከቲታኒየም ሲሠራ ብዜቱ 6,600 ነው፤ ድርሻው ወደ 55 በመቶ ይወርዳል። ኒዮቢየምና ዚርኮኒየም ከተጨመረባቸው፣ ግትርነታቸው ወደ 55 ጊጋፓስካል ከሚወርድ አዳዲስ የቲታኒየም ቅይጦች ቢሠራ ደግሞ 38 በመቶ ብቻ ይሸከማል።

አጥንት ሕያው ነው፤ ሥራ ካልተሰጠው ራሱን ያሳሳል። ይህን ያስተዋለው ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ከግትር ፕሌት ሥር ወራት ያሳለፈ አጥንት የሚሳሳው ለዚህ ነው። ፕሌቱ ከወጣም በኋላ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች ውጥረት የሚከማችባቸው ደካማ ነጥቦች ሆነው ይቆያሉ። ሐኪሙ «ለተወሰኑ ሳምንታት አትሩጥ፣ ከባድ አታንሳ» ቢል ምክንያት አለው።

ስሌቱ ቀጥ ብሎ ለሚጫን ሸክም ነው። መታጠፍ ሲመጣ ውፍረት ከቁሱ ዓይነት ይበልጣል፤ የመታጠፍ ግትርነት ከውፍረቱ ኩብ ጋር ስለሚሄድ ፕሌቱን በግማሽ ማሳሳት ግትርነቱን ወደ አንድ ስምንተኛ ያወርደዋል። እንግዲያው እንደ ልብ እናሳሳው ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስብራቱ ከመጠን በላይ ከተንቀሳቀሰ አጥንቱ አይገጥምም።

ቲታኒየምም እንከን አለው። ሲፈጋፈግ ክፉኛ ይቧጨራል፤ ስለዚህ የዳሌው ግንድ ከቲታኒየም ሲሠራ የሚሽከረከረው ኳስ ከኮባልት ክሮም ወይም ከሴራሚክ ይሆናል። ጭረትም አይወድም። በቀዶ ሕክምና ጊዜ ፕሌቱን ወዲህና ወዲያ እያጠፉ ማስተካከል ከወራት በኋላ ለሚመጣ ስንጥቅ በር መክፈት ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ አንዴ ታጥፎ ይበቃል።

አጥንት የሚወደው የቲታኒየሙን ገጽ ነው። አየር ሲነካው ወዲያው ጥቂት ናኖሜትር ውፍረት ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ይሠራል። ስዊድናዊው ፐር ኢንግቫር ብሬነማርክ በ1952 ጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገባውን የቲታኒየም መመልከቻ ሊያወጣ ሲሞክር አጥንቱ አልለቅ ያለው በዚህ ሽፋን በኩል ነው። የመጀመሪያውን የጥርስ ተከላ በሰው ላይ ያደረገው በ1965 ነው። ግን ቲታኒየሙ ምንም ያህል ቢመረጥ ቀዳዳው ሲበሳ አጥንቱ ከተቃጠለ ዋጋ የለውም፤ አጥንት 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አንድ ደቂቃ ከቆየ ይጎዳል። በዝግታ፣ በስለታም መሰርሰሪያ፣ ቀዝቃዛ ሳላይን (የጨው ውሃ) እያፈሰሱ መብሳት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የማይዝግ ብረት ፕሌት በቲታኒየም ብሎን ማሰር ለምን ይከለከላል? — የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ

መልስ፦ የሰውነት ፈሳሽ ጨዋማ ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ሲነካኩ ባትሪ ይሆናሉ፤ ደካማው ይበላል። በዚህ ጥንድ ተጎጂው ማይዝግ ብረቱ ነው። አንድ ዓይነት ብረት ቢሆኑም ከብሎኑ ራስ ሥር ያለችው ጠባብ ክፍተት አደገኛ ናት። ኦክሲጅን ስለማይደርሳት የተጫረው መከላከያ ሽፋን መልሶ አይሠራም፤ ክሎራይድ ይጠራቀማል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚፈጠረው ጥቃቅን ፍትጊያም ሽፋኑን ደጋግሞ ይገፋዋል። የተለያየ ብረት መቀላቀል በዚህ ላይ እሳት መጨመር ነው።

ስለ ማይዝግ ብረቱ ዓይነት፦ ለተከላ የሚውለው 316ኤል ሲሆን መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ካርቦኑ ከ0.03 በመቶ እንደማይበልጥ ትነግርዎታለች። ካርቦን ሲበዛ ክሮሚየሙን በቅንጣቶቹ ድንበር ላይ ይይዘዋል፤ ድንበሩም ያለ መከላከያ ይቀራል። ፕሌቱን በተራ ብረት መዶሻ ወይም ሞረድ አይንኩ። ከመሣሪያው የተላቀቀው የብረት ቅንጣት ገጹ ላይ ተጣብቆ ይዝጋል፤ ጥፋተኛ የሚባለው ግን ፕሌቱ ነው።

ጥያቄ፦ 2 በመቶ አልጂኔት ከሴል ጋር ቀላቅለን በካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ እያንጠባጠብን ኳሶች ሠራን። በፒቢኤስ (ፎስፌት ባለበት የጨው ማጠቢያ) ሦስት ጊዜ አጥበን ኢንኩቤተር አስገባናቸው። በሁለተኛው ቀን ለሰለሱ፣ በአራተኛው ቀን ፈረሱ። የቀሩት ሴሎችም ድቡልቡል ሆነው ቀሩ። ምን አጠፋን? — የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች

መልስ፦ ዋናው ጥፋት ማጠቢያው ላይ ነው። አልጂኔት ጄል የሚሆነው የካልሲየም አዮን ሁለት ሰንሰለቶችን በመሃል ይዞ ሲያስራቸው ነው። ፒቢኤስ ውስጥ ፎስፌት አለ፤ ካልሲየሙን ነጥቆ የማይሟሟ ጨው ያደርገዋል። በብዛት ያለው ሶዲየም ደግሞ የካልሲየምን ቦታ ይወስዳል፤ ሶዲየም ግን ባለ አንድ እጅ ስለሆነ ሁለት ሰንሰለት ማሰር አይችልም። ሦስት ጊዜ ማጠብ ማለት ሦስት ጊዜ ቋጠሮ መፍታት ነው።

ማጠቢያውን እንዲህ ያዘጋጁ፦ ለ1 ሊትር 9 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ 4.8 ግራም ሄፔስ (ፒኤች የሚያረጋጋ)፣ 0.74 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት (ሁለት ውሃ የያዘው ዓይነት፤ 5 ሚሊሞላር)፤ ፒኤች 7.4። የማሳደጊያው ፈሳሽም ይታሰብበት። ዲኤምኢኤም ውስጥ ያለው ካልሲየም 1.8 ሚሊሞላር ብቻ ነው፤ ለረዥም ቆይታ 1 ወይም 2 ሚሊሞላር ይጨመርበታል። ከልክ ካለፈ ከፎስፌቱ ጋር ተዋሕዶ ነጭ ደመና ይሠራል፤ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ባክቴሪያ መስሎ ያስደነግጣል።

ሁለተኛው መፈተሽ ያለበት የካልሲየም ክሎራይዱ ብልቃጥ ነው። 100 ሚሊሞላር ለማዘጋጀት ውሃ የሌለበት ከሆነ በሊትር 11.1 ግራም፣ ዳይሃይድሬት ከሆነ 14.7 ግራም ያስፈልጋል። 11.1 ግራም ዳይሃይድሬት የመዘነ ሰው በእጁ ያለው 75 ሚሊሞላር ነው። ውሃ የሌለበት የተባለውም ክዳኑ ክፍት ከዋለ ከአየር እርጥበት ስቦ ያረጥባል፤ ክብደቱም ይዋሻል። 100 ሚሊሞላር የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። እያንዳንዱ ሞለኪውል ሦስት አዮን ስለሚሰጥ የፈሳሹ ኦስሞላሪቲ (የሟሟ ቅንጣት ብዛት) ወደ 300 ሚሊኦስሞላር ይደርሳል፤ ሴሉ ከለመደው ጋር ይቀራረባል። ጄሉ ይጠንክር ብላችሁ 500 ብታደርጉት ሴሉ ውሃውን ይተፋል።

አሠራሩን ከመጀመሪያው እንሂድበት። 1.1 ግራም አልጂኔት በ50 ሚሊሊትር ካልሲየም በሌለው 0.9 በመቶ ሳላይን ይሟሟል። ማማሰያው ላይ ፈሳሹ እየተሽከረከረ ዱቄቱን በጥቂት በጥቂቱ ይነስንሱት። በአንዴ ከደፉት ውጩ ረጥቦ ውስጡ ደረቅ የሆነ ጉብጉብ ይሠራል፤ እሱን ለማሟሟት ቀን አይበቃም። በደንብ ከነሰነሱት ሌሊቱን ሲማሰል አድሮ ጠዋት ጥርት ይላል። ልኩ 2.2 በመቶ የሆነው 9 እጅ አልጂኔት ከ1 እጅ የሴል ፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል ወደ 2 እንዲወርድ ነው። የሴል ፈሳሹም ካልሲየም የሌለው ይሁን፤ ሴሎቹን በዲኤምኢኤም አምጥተው ከቀላቀሉ ድብልቁ ሲሪንጁ ውስጥ መጓጎል ይጀምራል። አልጂኔቱን አውቶክሌቭ ማድረግ (በታመቀ ትኩስ እንፋሎት ማጽዳት) ሰንሰለቱን ይበጣጥሳል፤ ፈሳሹ ይቀጥናል፣ ጄሉም ይደክማል። የሚሻለው በ1 በመቶ አሟሙቶ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፎ፣ በንጽሕና አቀዝቅዞ ማድረቅና ሲፈለግ መልሶ ማሟሟት ነው። 2 በመቶው ማጣሪያውን ይደፍነዋል።

ሲያንጠባጥቡ የመርፌው ጫፍ የካልሲየም ፈሳሹን አይንካ፤ እዚያው ጄል ሆኖ ይደፈናል። ኳሱ ጭራ ካወጣ የመርፌው ከፍታ አንሷል ወይም አልጂኔቱ ወፍሯል፤ ከተደፈጠጠ ከፍታው በዝቷል። ካልሲየሙ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መቆየት በቂ ነው። በራሱ ክብደት ከመርፌ የሚወርድ ጠብታ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህም ራሱ ችግር ነው። ኦክሲጅን ሴል በበዛበት ጄል ውስጥ ከ200 ማይክሮሜትር ብዙ አልፎ አይሄድም፤ መሃል ላይ ያሉት ይታፈናሉ። ጠብታውን በአየር ግፊት እየቆረጡ ማሳነስ ወይም የሴሉን ቁጥር በሚሊሊትር ከ1 ሚሊዮን አለማስበለጥ ይቻላል።

ድቡልቡል መሆናቸው ሞት አይደለም። አልጂኔት ከባሕር አረም የመጣ ስኳር ነው፤ የእንስሳ ሴል የሚጨብጥበት እጀታ የለውም። ሴሉ እንዲዘረጋ ከተፈለገ አርጂዲ የምትባለው የሦስት አሚኖ አሲድ ቅንጣት የተጣበቀችበት አልጂኔት ይጠቀሙ፤ ጄላቲን የሚቀላቅሉም አሉ። የ«ቀሩት» ሴሎች በሕይወት መኖራቸውን ለማወቅ ኳሱን በ55 ሚሊሞላር ሶዲየም ሲትሬት (16.2 ግራም ዳይሃይድሬት በሊትር) ያሟሙት። ሲትሬት ካልሲየሙን ያወጣል፤ ሴሎቹ ወጥተው ይቆጠራሉ። በፒቢኤስ ሳታውቁት የሠራችሁትን እዚህ አውቃችሁ ትሠሩታላችሁ።

ከኳስ ይልቅ ውስጡ ወጥ የሆነ ሰሌዳ ከፈለጋችሁ ካልሲየም ክሎራይድ አይሆንም፤ የነካውን ቦታ ወዲያው ስለሚዘጋው ውጩ ድንጋይ፣ ውስጡ ሾርባ ይሆናል። የማይሟሟ ካልሲየም ካርቦኔት ደቂቅ ዱቄት በአልጂኔቱ ውስጥ ይበተንና ጂዲኤል የተባለው ቀስ ብሎ ወደ አሲድ የሚለወጥ ውህድ ይጨመርበታል። ለ10 ሚሊሊትር 30 ሚሊግራም ካርቦኔትና 107 ሚሊግራም ጂዲኤል፤ በሞል 1 ለ2። አንድ ካርቦኔት ሁለት ፕሮቶን ይውጣል፣ አንድ ጂዲኤል አንድ ይሰጣል፤ ሒሳቡ ሲዘጋ ፒኤቹ ገለልተኛ አካባቢ ይቆያል። ጂዲኤሉን ውሃ ውስጥ የሚያሟሙት ሊጠቀሙበት ሲሉ ብቻ ነው፤ አሟሙተው ሻይ ጠጥተው ቢመለሱ አሲድ ሆኖ ይጠብቅዎታል።

ጥያቄ፦ በ3ዲ ማተሚያ ከፒኤልኤ ፕላስቲክ (ፖሊላክቲክ አሲድ) የሠራሁት ባለ ቀዳዳ ስካፎልድ (ሴል የሚያድግበት መዋቅር) ከአውቶክሌቭ ሲወጣ ተጣምሞ ቀዳዳው ተደፍኖ አገኘሁት። ማሽኑ ነው ወይስ ፕላስቲኩ?

መልስ፦ ማሽኑ ሥራውን ሠርቷል። ፒኤልኤ ከ60 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይለሰልሳል፤ አውቶክሌቭ 121 ዲግሪ ነው። በዚያ ላይ እንፋሎቱ ውሃ ነው፤ ፒኤልኤ ሰውነት ውስጥ በወራትና በዓመታት የሚፈርሰው በውሃ ስለሆነ አውቶክሌቭ ያንን ሥራ በደቂቃዎች ይጀምርልዎታል። ቅርጹ ባይጣመም እንኳ ሰንሰለቱ አጥሮ ይወጣል።

አማራጮቹ፦ ኤቲሊን ኦክሳይድ ጋዝ በዝቅተኛ ሙቀት ይሠራል፤ ነገር ግን መርዛማ ስለሆነ ከዕቃው ውስጥ ተንኖ እስኪወጣ በቂ አየር ማግኘት አለበት፤ ባለ ቀዳዳ ዕቃ ብዙ ይይዛል። የተለመደው የጋማ ጨረር መጠን 25 ኪሎግሬይ ሲሆን ሰንሰለት ይቆርጣል፤ የመፍረሻ ጊዜን የሚለኩ ከሆነ መለኪያው የሚጀምረው ከጨረሩ በኋላ ባለው ሞለኪውላዊ ክብደት ነው። ለቤተ ሙከራ የሴል ሥራ ብቻ ከሆነ 70 በመቶ ኤታኖል ውስጥ 30 ደቂቃ አቆይቶ፣ በንጹሕ ሳላይን ሦስት ጊዜ አጥቦ ማድረቅ ያስኬዳል። ኤታኖል የባክቴሪያ ስፖር ስለማይገድል በእንስሳም ሆነ በሰው ለሚገባ ነገር አይበቃም። ለማተሚያ ተብሎ የሚሸጥ ባለ ቀለም ፒኤልኤ ክርም ይቅርብዎ፤ ውስጡ የተጨመረውን ሻጩ አይነግርዎትም።

ወፍራም ቁራጭ ከስስ ይልቅ ቶሎ ከውስጥ ቢፈርስ አይደነቁ። ሲፈርስ የሚወጣው አሲድ ከስሱ ታጥቦ ይሄዳል፤ በወፍራሙ መሃል ግን ተጠራቅሞ መፍረሱን ያፋጥነዋል።

ጥያቄ፦ ግንደ ሴል በለሰለሰ ጄል ላይ ነርቭ መሳይ፣ በጠነከረው ላይ አጥንት መሳይ ይሆናል ይባላል። ቁጥሩ ስንት ነው?

መልስ፦ በ2006 በወጣው ዝነኛ ጥናት በፖሊአክሪላማይድ ጄል ላይ የተገኘው ግትርነት ከ0.1 እስከ 1 ኪሎፓስካል ለነርቭ መሳይ፣ ከ8 እስከ 17 ለጡንቻ መሳይ፣ ከ25 እስከ 40 ለአጥንት መሳይ ነው። ቁጥሩን ከመጽሐፍ ገልብጠው ለራስዎ ጄል አይስጡት። ጄሉ ማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ 37 ዲግሪ ላይ አድሮ ካበጠ በኋላ ይለኩት፤ አዲስ የተሠራውና ያደረው አንድ አይደሉም።

ጥያቄ፦ የማግኒዚየም ቅይጥ ሠርተን በዘፈዘፍንበት ፈሳሽ ውስጥ የሴሎቹ ሕይወት 62 በመቶ ወጣ። ሥራችን ከንቱ ነው?

መልስ፦ የሕክምና መሣሪያዎችን ለሰውነት ተስማሚነት በሚመለከተው ዓለም አቀፍ መመዘኛ በአይኤስኦ 10993 ክፍል 5 መሠረት ከ70 በመቶ በታች ከሆነ ቁሱ ሴል የመጉዳት አቅም አለው ተብሎ ይያዛል፤ ስለዚህ ውጤቱ እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ቅይጡ የተዘፈዘፈበትን ፈሳሽ በግማሽ አቅጥነው ደግመዋል? የቀጠነው ቢያንስ እኩል ወይም የተሻለ ውጤት ካልሰጠ ሙከራው ራሱ ይደገማል። የገጽ ስፋቱ ከፈሳሹ ጋር ያለውን ልክም ያረጋግጡ፦ ከ0.5 ሚሊሜትር ለሚሳሳ 6፣ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር ለሚወፍር 3 ካሬ ሴንቲሜትር በሚሊሊትር።

በማግኒዚየም ላይ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ሲዝግ ሃይድሮጅን ይለቃል፣ ፈሳሹንም አልካሊ ያደርገዋል፤ የሞቱት በፒኤች ይሁን በብረቱ አዮን ለመለየት ፒኤቹን ይለኩ። የተጠቀሙት ቀለም ኤምቲቲ (ሕያው ሴል ሲለውጠው የሚነበብ) ከሆነ ደግሞ ከዝገቱ የሚወጣው ነገር ያለ ሴልም ቀለሙን ሊለውጠው ስለሚችል 62 የተባለው ከእውነቱ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። ሴል የሌለበት ጉድጓድ ውስጥ የተዘፈዘፈበትን ፈሳሽና ቀለሙን ብቻ ጨምረው ያንብቡ፤ ከዚያ የሕያውና የሙት ሴል ማቅለሚያ ተጠቅመው በማይክሮስኮፕ ይቁጠሩ።